ዋና ለማይችሉ ባልና ሚስት አንድ ቀን በያት፦ የሚያሰጋው ማዕበሉ አይደለም

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የምንኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እኔ 66፣ ባለቤቴ 59 ዓመታችን ነው። ሐምሌ መጨረሻ ቨርጂኒያ ያለችውን ልጃችንን ልንጠይቅ እንሄዳለን። ለ35ኛ ዓመት ጋብቻችን ስጦታ ብላ ኖርፎክ ከተማ ላይ ሞተር ያት (የመዝናኛ ጀልባ) ለአንድ ሙሉ ቀን ልትከራይልን ነው። የምንሄደው ኢንትራኮስታል ዋተርዌይ በሚባል መስመር ነው። ያለ ካፒቴን ርካሽ ስለሆነ ባሏ ይነዳዋል ትላለች። ሁለታችንም ዋና አንችልም። ባለቤቴ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ ሁሌ ያስመልሳታል። እኔ የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ። ከደጋ ወርዶ ባህር ላይ መዋል ልብ ያስጨንቃል ሲሉም ሰምቻለሁ። ቀኑን ነሐሴ 8 አድርጋዋለች። የአትላንቲክ ማዕበል እያስፈራኝ ነው። እንሂድ ወይስ እንቅር?»

ሂዱ። ግን ልጅዎ ባሰበችው መንገድ አይሁን። ፈቃድ ያለው ካፒቴን ይኑር፤ ጀልባው ቀስ ብሎ የሚሄድ ዓይነት ይሁን፤ ቀኑ ከፍልሰታ በኋላ ይዛወር፤ ሰዓቱም አጭር ይሁን። እርስዎ የፈሩት ነገር በዚያ መስመር ላይ የለም ማለት ይቻላል። መፈራት ያለባቸውን ግን በጥያቄዎ ውስጥ አላየኋቸውም።

መጀመሪያ ማዕበሉን እናንሳ። ኢንትራኮስታል ዋተርዌይ ውቅያኖስ ላይ የሚኬድ መንገድ አይደለም። ከባህሩ ዳርቻ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የሚሄድ የውሃ መስመር ነው። ወንዞች፣ ሰፋፊ የባህር ኩሬዎችና ሰው የቆፈራቸው ቦዮች ተያይዘው የሠሩት ነው። የአትላንቲኩ ክፍል ዜሮ ማይል ብሎ የሚጀምረው እዚያው ኖርፎክ ላይ ሲሆን እስከ ፍሎሪዳ ጫፍ፣ እስከ ኪ ዌስት ድረስ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። የተሠራውም ጭነት የያዙ ጀልባዎች ክፍት ባህር ላይ ሳይወጡ እንዲጓዙ ነው። የሚጠርገውና የሚያስጠብቀው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት መሐንዲሶች ክፍል ነው። እርስዎ በሚሄዱበት ቁራጭ ላይ ግራና ቀኙን የብስ ያያሉ። ቦዩ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ዳር የቆመ ሰው እጁን ሲያውለበልብልዎት ፊቱን ይለዩታል።

ይህ ግን የሚሠራው አቅጣጫው ከተመረጠ ብቻ ነው። ከኖርፎክ ወደ ሰሜን ከተወጣ ሃምፕተን ሮድስ የሚባለው ሰፊ ውሃና ከዚያም የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይመጣል። እዚያ ነፋስ ሲነሣ አጫጭርና ተከታታይ ሞገድ ይፈጠራል። ትልልቅ የጭነት መርከቦችና የጦር መርከቦችም ይመላለሱበታል። ባለቤትዎን የሚጥላት እዚያ ነው። ወደ ደቡብ፣ በኤልዛቤት ወንዝ በኩል ግሬት ብሪጅ ወደሚባለው ቦታ ከተሄደ ግን ውሃው የተከለለ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ስትዋዋል «ወደ ደቡብ፣ እስከ ግሬት ብሪጅ ሎክ ደርሰን እንመለሳለን» ብላ በግልጽ ታስጽፍ፤ ሎክ ምን እንደሆነ ከታች እነግርዎታለሁ። «ካፒቴኑ ደስ ወዳለው ይወስደናል» የሚባል ነገር አይኑር።

ያ ጉዞ ምን እንደሚመስል ልንገርዎት፤ ፍርሃት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ካለማወቅ ነው። ከመሀል ኖርፎክ ሲነሱ በ1943 ውሃ ላይ የወረደችው ዊስኮንሲን የተባለች የጦር መርከብ ሙዚየም ሆና ቆማ ያገኟታል። ቀጥሎ የመርከብ መጠገኛዎችና ክሬኖች ይደረደራሉ። ይህ ክፍል ሥራ የሚሠራበት ወንዝ ነው፤ ውብ ነው አልልም፣ ግን ዓይን ይይዛል። አገልግሎት ላይ ላሉ የባህር ኃይል መርከቦች መቅረብ በሕግ የተከለከለ ነው። ካፒቴኑ ይህን ያውቃል፤ አማችዎ ግን ላያውቅ ይችላል። ወረድ ሲሉ የሚነሡ ድልድዮች ይመጣሉ። የባቡሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ናቸው፣ ባቡር ሲመጣ ግን ይዘጋሉ። ያኔ መጠበቅ ነው። ወደ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሄዱ በኋላ ግሬት ብሪጅ ሎክ ይደርሳሉ።

ሎክ ማለት በሁለት ትልልቅ በሮች የሚዘጋ የውሃ ክፍል ነው። በአንድ ወገን ያለው ውሃ ከባህሩ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ጨዋማ ውሃ ነው። በሌላው ወገን ያለው በዚያ በኩል ካለው ጨፌ የሚመጣ ነው። ሎኩ ሁለቱን ይለያል። ጀልባው ይገባል፣ ከኋላው በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ቀስ ብሎ እስኪስተካከል ይጠበቃል፣ የፊቱ በር ይከፈታል። ከፍታው ላይ ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር አይበልጥም። ፏፏቴ የለም፣ መናወጥም ያን ያህል የለም። እዚህ ቦታ ግን አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ ገመድ ያዙ ቢባሉ እጅዎ ላይ አይጠምጥሙ። ጀልባው ወደ ግድግዳው ሲጠጋ በእጅ ወይም በእግር ገፍተው ለማቆም አይሞክሩ። ብዙ ቶን የሚመዝን ነገር በእጅ አይቆምም። ጣት የሚቆረጠው በሎክና ጀልባዎች በሚታሰሩበት ወደብ፣ በማሪና ውስጥ ነው፤ መሀል ውሃ ላይ አይደለም። ቁጭ ብላችሁ ብታዩ ማንም አይቀየማችሁም።

ከሎኩ እንዳለፉ ጀልባ በነጻ የሚታሰርበት መቆሚያ አለ። ምሳችሁን እዚያ ወርዳችሁ ብሉ። ቦታው ታሪክ ያለው ነው፦ ታኅሣሥ 1775 በፈረንጅ አቆጣጠር የአሜሪካ አማጽያን የእንግሊዝን ጦር እዚያ ድልድይ ላይ ገጥመው አሸንፈዋል፤ አጠገቡም ሙዚየም አለ። ሁላችሁም ደህና ከሆናችሁ ደግሞ በየሰዓቱ የሚከፈተውን ድልድይ አልፋችሁ በ1859 የተከፈተው ቦይ ውስጥ ትንሽ ግቡ። ቀኑ የሚያምረው እዚህ ነው። ዛፉ እስከ ውሃው ድረስ ወርዷል። ከቅጠሉና ከሥሩ በሚወጣ ቀለም ውሃው ቀጭን ሻይ ይመስላል። የጀልባውን መንገድ በሚያሳዩት ቀይና አረንጓዴ ምልክቶች አናት ላይ ዓሣ የሚያድን ጭልፊት ጎጆውን ሠርቶ ታያላችሁ፤ ጎጆው የጭራሮ ክምር ነው፣ አንዳንዱ ምልክቱን ራሱን ሊሸፍነው ምንም አይቀረው። ካፒቴኑ ሞተሩን እንዲያለዝበው ጠይቁትና ዝም ብላችሁ እዩ።

በነገራችን ላይ እዚያው አካባቢ ሌላ ቦይ አለ፤ ዲዝማል ስዋምፕ ይባላል። ቁፋሮው በ1793 ተጀምሮ በ1805 ተከፈተ። የቆፈሩት በባርነት የተያዙ ሰዎች ናቸው፤ ከጌቶቻቸው ያመለጡ ብዙ ሰዎችም እዚያው ጨፌ ውስጥ ተደብቀው ኖረዋል። ልጅዎ ይህን መስመር ልትመርጥ ትችላለች፤ ያምራል። ነገር ግን ሎኮቹ የሚከፈቱት በቀን ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ጠባብ ነው፣ ውሃ ውስጥ የተጋደመ ግንድም ያጋጥማል። በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ አይመችም። በመኪና ሂዱና ዳሩን በእግር እዩት።

አሁን ወደ ካፒቴኑ ጉዳይ ልምጣ። በዚህ ላይ አልደራደርም። አማችዎ ጎበዝ ሹፌር ሊሆን ይችላል። ያት ግን ፍሬን የለውም። መሪውን ሲጠመዝዙት መጀመሪያ የሚዞረው ኋላው ነው። ቆሞም እያለ ነፋስና የውሃ ፍሰት ይገፋዋል። ማሪና ውስጥ የሌላ ሰው ጀልባ አጠገብ ማስገባት ለዓመታት የሠራ ሰውንም ላብ ያስወጣል። መስመሩም እንደ አስፋልት የተለጠፈ አይደለም። ቦዩ የተጠረገው ወደ 3.7 ሜትር ጥልቀት እንዲኖረው ታስቦ ነው። ከተጠረገው መስመር ትንሽ ሲወጡ ግን ከጉልበት የማያልፍ ውሃ ሊሆን ይችላል። ላዩ አንድ ዓይነት ስለሚመስል በዓይን አይለይም። ከኖርፎክ ወደ ደቡብ ሲኬድ ቀዩን ምልክት በቀኝ፣ አረንጓዴውን በግራ አድርጎ መሄድ ነው፤ ሲመለሱ ይገለበጣል። ይህን ያሳተ ሰው ጭቃ ላይ ይቀመጣል። በእንዲህ ዓይነት መስመር ላይ ጀልባ የሚጎዳው በማዕበል ሳይሆን በብዛት በዚህ ነው። በአንድ በኩል ምልክት፣ በሌላ በኩል ድልድይ፣ በሬዲዮ ደግሞ የሎኩ ሠራተኛ። አማችዎ ይህን ሁሉ በአንዴ እያደረገ የእናንተን ደህንነት ሊያይ አይችልም። እሱም ከእናንተ ጋር ተቀምጦ ይዋል።

ሌላው፣ ያለ ካፒቴን መከራየት ማለት በሕግ ፊት ኃላፊው ተከራዩ ነው ማለት ነው። ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂው ልጅዎና ባሏ ይሆናሉ። የተቆጠበው ገንዘብ ለዚህ አይበቃም። ካፒቴኑ ኮስት ጋርድ ከሚባለው የአሜሪካ ጠረፍ ጥበቃ የተሰጠ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዱን ማየት ነውር አይደለም፤ ደህናው ካፒቴን ሳይጠየቅ ያሳያል። ከፋይ መንገደኛ እስከ ስድስት ሰው ከሆነ ቀለል ያለው ፈቃድ ይበቃል። ከስድስት በላይ ከሆነ ግን ጀልባው ራሱ የተመረመረ መሆን አለበት። ስለዚህ ልጅዎ «ጎረቤቶቻችንም ይምጡ» ብላ አሥር ሰው እንዳትጭን ንገሯት። እኛ ድግስ ስንወድ ቁጥር እንረሳለን።

ስለ ዋና። «ዋና አንችልም» ብለው እንደ ትልቅ እንቅፋት አንሥተውታል። ለዓመታት መርከብ ላይ ሠርቻለሁ፤ ዋና የሚችል ሰው ከማይችለው የባሰ ሲዘናጋ አይቻለሁ። ልብስ ለብሶ፣ ጫማ አድርጎ፣ ደንግጦ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ዋናው ብዙም አያድነውም። የሚያድነው የለበሰው ላይፍ ጃኬት፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ሰደርያ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በልኩ የሆነ ጃኬት ጀልባው ላይ መኖር በሕግ ግዴታ ነው። አዋቂ ሰው የግድ እንዲለብሰው ግን አይገደድም። ስለዚህ ሌላው ሰው ሳይለብስ ብታዩ አትደናገጡ፤ «አትፍሩ» ስላሏችሁም አታውልቁ። ከመሳፈራችሁ በፊት መሬት ላይ ልበሱት፤ ወርዳችሁ መሬት ስትረግጡ አውልቁት። ከሁለቱ ዓይነት በውስጡ ፎም ያለውን ወፍራሙን ምረጡ። ቀጭኑና በጋዝ የሚነፋው ዋና ለማይችል ሰው አይመከርም። ነጠላ ወይም ጋቢ ከላዩ አይደረብበት።

ይህንንም ከባለቤትዎ ጋር ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት፦ አንዳችሁ ብትወድቁ ሌላው አይዘልም። አውቃለሁ፣ 35 ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ይህን መስማት አይፈልግም። ግን የተከተለው ሰው ሁለተኛ ተጎጂ ነው የሚሆነው። የእናንተ ሥራ ሦስት ነገር ነው። «ሰው ወደቀ!» ብሎ መጮህ። የሚንሳፈፍ ነገር መወርወር። ከዚያ በጣት ወደወደቀው ሰው እየጠቆሙ ዓይን ሳይነቅሉ መቆየት። የቀረው የካፒቴኑ ነው።

ሰው በብዛት የሚወድቀውም መሀል ውሃ ላይ ሳይሆን ሲሳፈርና ሲወርድ ነው። ጀልባውና መቆሚያው መካከል የአንድ እርምጃ ክፍተት አለ፤ ክፍተቱም ይሰፋል ይጠባል። ባዶ እጃችሁን ተሳፈሩ። ቦርሳውንና የምሳ ዕቃውን ሌላ ሰው ያቀብል። አንድ እጅ ሁልጊዜ የጀልባውን ብረት ይያዝ። ጫማው ሶሉ ጎማ የሆነ፣ ጠፍጣፋና እግር ላይ የታሰረ ይሁን። ባለቤትዎ በሐበሻ ቀሚስ ፎቶ መነሣት ትፈልግ ይሆናል፤ ልጅዎም ይህን ሳታስብ አትቀርም። ፎቶውን ማሪናው ላይ ተነሡ፣ ከዚያ ቀሚሱ ይቀየር። ረጅም ጥለትና የጀልባ ደረጃ አይስማሙም።

አሁን የማስመለሱን ጉዳይ። እኔም የደብረ ሲና ልጅ ነኝ፤ ያንን ቁልቁለት በፌስታል ያልወረደ ዘመድ የለኝም። መንስኤው አንድ ነው። የውስጥ ጆሮ «እየተንቀሳቀስን ነው» ይላል፣ ዓይን ደግሞ የፊቱን ወንበር እያየ «ቆመናል» ይላል። አንጎል ይምታታበታል። አንድ ነገር ያስታውሱ፦ ባለቤትዎ ጋቢና ስትቀመጥ ይሻላት ነበር? አዎ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ጀልባ ላይም ውጪ ተቀምጣ ሩቅ ያለውን ዳርቻ ካየች በጣም ይቀላታል ማለት ነው። ቦታዋ ከጀልባው መሀል ትንሽ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ያለው ወንበር ይሁን። ላይኛው ፎቅ ብዙ ይወዛወዛል። ስልክ ማየትና ጓዳ ገብቶ መተኛት ነገሩን ያብሰዋል። ሌላ ጀልባ በፍጥነት ሲያልፍ የሚመጣውን ሞገድ ካፒቴኑ የጀልባውን አፍንጫ ወደ ሞገዱ አዙሮ ይቀበለዋል፤ ይህን ከመነሻው ይንገሩት።

መድኃኒትም አለ። ሜክሊዚን የሚባለው አሜሪካ ውስጥ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፤ ጉዞው ከመጀመሩ አንድ ሰዓት በፊት ይወሰዳል፤ እንቅልፍ ያመጣል። የዓይን ግፊት ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር አይውሰደው። ከጆሮ ኋላ የሚለጠፈውን በዕድሜ ለገፋ ሰው አልመክርም፤ ያደናግራል። ዝንጅብል የሚስማማት ከሆነ ትጠቀም። ከሁሉም በላይ ግን ባዶ ሆድ አይሁን።

እዚህ ላይ ነው ነሐሴ 8 የሚያስቸግረኝ። ፍልሰታ መሀል ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይበላና ሳይጠጣ የዋለ፣ በላዩም የሚያስመልሰው ሰው በዚያ ሙቀት ጀልባ ላይ መዋል የለበትም። የቨርጂኒያ ነሐሴ የደብረ ብርሃን ነሐሴ አይደለም። ከ30 ዲግሪ በላይ ነው፣ አየሩም እርጥብ ስለሆነ ላብ አይደርቅም። ፀሐዩ ከላይም ከውሃው ተመልሶም ይመታል። እርስዎ ደግሞ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ሽንት የሚያሸና ዓይነት ከሆነ በሙቀት ውስጥ ከሰውነት ብዙ ውሃ ይወጣል፤ ድንገት ሲነሡ ጭንቅላት ያዞራል። ቤት ውስጥ ቢያዞር ሶፋ አለ። ጀልባ ላይ ግን የሚወደቀው ደረጃ ላይ ወይም ውሃ ውስጥ ነው። ከመሄድዎ በፊት የሚከታተልዎትን ሐኪም «ሙቀት ውስጥ ልውል ነው» ብለው ይጠይቁ። መድኃኒቱን በራስዎ ውሳኔ እንዳያቆሙት። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ አንድ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ቀኑን መግፋት ለዚህም ይጠቅማል።

ከደጋ ወርዶ ባህር ላይ መዋል ልብ ያስጨንቃል የሚባለው ልክ አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ነው። ባህር ዳር ኦክስጅኑ ይበልጣል፤ ትንፋሽ ይቀላል እንጂ አይከብድም። ሰው ወርዶ የሚደክመው በሙቀቱ ነው፤ ሸዋ ሮቢትም ሲወርዱ የሚሰማዎት እሱው ነው።

ሌላ ጉዳይ አለ፤ ሰው ስለሚያፍር አያነሣውም። ሽንት ቤት። ብዙ እናቶች «የት እሄዳለሁ» ብለው ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ። በዚህ ምክንያት የታመመች አይቻለሁ። ያት ላይ ሽንት ቤት አለ። አጠቃቀሙ ከቤቱ ይለያል፤ ቧንቧው ቀጭን ስለሆነ ሌላ ነገር አይጣልበትም። ልጅዎ ከመነሣታችሁ በፊት ለእናቷ ገብታ ታሳያት። ይህ ከሆነ ባለቤትዎ ውሃዋን ሳትሳቀቅ ትጠጣለች።

በጣም የምጠነቀቅበት ግን የሞተር ጭስ ነው። እናንተ ደጋ ያላችሁ ሰዎች የከሰል ጭስ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ፤ በብርድ ሌሊት ማንደጃ ይዞ ተኝቶ ያልተነሣ ሰው የማይታወቅበት ሰፈር የለም። የሚገድለው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ከጀልባ ሞተርም የሚወጣው ራሱ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። ጀልባው ቀስ ሲል፣ ነፋስ ከኋላ ሲነፍስ፣ ሸራው ዙሪያውን ሲዘጋ ጭሱ ወደ መቀመጫው ይመለሳል። ሞተሩ እየሠራ ከኋላ ባለው ዝቅ ያለ መድረክ ላይ ማንም አይቀመጥ፣ እግሩንም ውሃ ውስጥ አይንከር። ጓዳው ውስጥ የጋዝ ማስጠንቀቂያ መኖሩን ይጠይቁ። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማጥወልወልና መደንዘዝ ነው፤ ሰው የባህር ሕመም ይመስለዋል። ለዚህ ነው አጥብቄ የምናገረው፦ ባለቤትዎ «ራሴን አመመኝ፣ አጥወለወለኝ» ካለች «ያው የደብረ ሲናው ነው» ብላችሁ አትለፉት። በተለይ ሌላም ሰው ራሱን ካመመው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጧቸው፣ ለካፒቴኑ ንገሩት፣ ሞተሩ ይጥፋ።

ስለ ጀልባው ዓይነት ብዙ አልልም። ትሮውለር የሚባለው ቀስ ብሎ የሚሄድ ዓይነት በሰዓት 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። አንድ ሞተር ያለው ከሆነ በሰዓት ወደ አሥር ሊትር ነዳጅ ይበቃዋል። ውሃው ላይ እየተንሸራተተ የሚበረው ትልቅ ያት ግን ከ100 ሊትር በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ጠባብ መስመር ላይ ፍጥነቱ ብዙ ቦታ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ለማትጠቀሙበት ነገር ትከፍላላችሁ። በዋጋው ውስጥ ነዳጅ፣ የካፒቴን ክፍያና የማሪና ክፍያ መኖር አለመኖሩን ልጅዎ በጽሑፍ ትጠይቅ። ካፒቴኑ በአየር ጠባይ ምክንያት ቢሰርዝ ገንዘቡ ይመለሳል ወይ የሚለውንም እንዲሁ። በዚያ ወቅት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዳማ ዝናብ የተለመደ ነው፤ የአውሎ ነፋስ ወቅትም ነው። «ዛሬ አልሄድም» የሚል ካፒቴን ካገኛችሁ ደህና ሰው አግኝታችኋል፤ አትለማመጡት።

መጠጥ ካለ ማታ ቤት ስትገቡ ይሁን። እናንተም፣ አማችዎም።

ዛሬ ለልጅዎ ይደውሉላትና ይህን ይንገሯት። ቀኑ ከነሐሴ 16 በኋላ ይሁን፤ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ቢሆን ይመረጣል። ጾም አይደለም፣ ቅዳሜና እሁድ የሚበዛው የጀልባ ግርግርም አይኖርም። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ተነሡ፣ ግሬት ብሪጅ ላይ ምሳ ብሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሪና ተመልሳችሁ ግቡ። ቀስ የሚል ጀልባ፣ ፈቃዱን የሚያሳይ ካፒቴን፣ ለሁለታችሁም ወፍራም ላይፍ ጃኬት። ካፒቴን የሚያስከፍለው ከአቅሟ በላይ ከሆነ ያቱን ትተው መንገደኛ የሚያሳፍር የሽርሽር ጀልባ ላይ ሁለት ሰዓት ይሂዱ፤ ያለ ካፒቴን ግን አይሳፈሩ።